የልጆቹ ዐይን ወዴት ሄደ?

እሁድ ማለዳ ነበር። እ.ኤ.አ. 1965 ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ሎይድ ሞሪሴት ከእንቅልፉ ነቅቶ ወደ ሳሎን ሲያዘግም የሦስት ዓመት ልጁን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ አገኛት። የምታየው ፊልም አልነበረም፤ ካርቱንም አልነበረም። ጣቢያዎቹ ሥርጭት ከመጀመራቸው በፊት ስክሪኑ ላይ የሚተዉት፣ መስመርና ክብ ብቻ ያለበት፣ የማይንቀሳቀስ ምስል ነበር። ሕፃኗ ዐይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ካርቱኑ እስኪጀምር እየጠበቀች ነበር።

ሌላ አባት ቢሆን ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ልጁን አቅፎ ወደ አልጋዋ ይመልሳት ነበር። ሞሪሴት ግን የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። ካርኔጊ ኮርፖሬሽን በሚባለው ለጋሽ ድርጅት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲሠራ አንድ ጥያቄ ሲያስጨንቀው ቆይቷል፦ የድሃ ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ ገና ከበሩ ከእኩዮቻቸው ወደኋላ የሚቀሩት ለምንድን ነው? እነሆ የራሱ ልጅ ደግሞ ፊደል ሳትቆጥር የማስታወቂያ ዘፈኖችን በቃሏ ትወጣቸዋለች። ማንም አላስጠናትም። ይህ ሳጥን የሳሙና ስም ካስጠና ፊደል ማስጠናት ያቅተዋል?

ሞሪሴት ጥያቄውን በሆዱ ይዞ ሰነበተ። መልሱን ባያገኝም መልሱን የሚፈልግለትን ሰው አገኘ፤ ያገኘውም እራት ግብዣ ላይ ነበር።

ግብዣው በፌብሩዋሪ 1966፣ ኒው ዮርክ፣ በጆአን ጋንዝ ኩኒ ቤት ነበር። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጆአን ከጊዜ በኋላ በአሜሪካ ቴሌቪዥን አንቱ የተባለች አዘጋጅ ሆናለች። ያን ምሽት ግን የ36 ዓመት ሴት ነበረች፤ ቻናል 13 በሚባል አነስተኛ የትምህርት ጣቢያ ዘጋቢ ፊልም ትሠራ ነበር። ትውልዷ አሪዞና ነው። በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ብታጠናም መምህር አልሆነችም፤ ጋዜጣ ላይ ሠራች፣ ኒው ዮርክ ገባች፣ ለንግድ ቴሌቪዥን ፕሮግራሞች የማስተዋወቂያ ጽሑፍ ስትጽፍ ቆየች። ቻናል 13 ሲከፈት ደመወዟ እንደሚቀንስ እያወቀች ሄደች። እዚያ ስለ ድህነት፣ በኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር ስላለ የመዋዕለ ሕፃናት ሙከራ ፊልም ሠራች። ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማትም ተሸለመች። አንድ ነገር ግን ይቆጠቁጣት ነበር፤ ስለ ድሆች የምትሠራውን ፊልም የሚያዩት ድሆች አልነበሩም። የሚያዩት ቀድሞውንም የሚያዝኑላቸው ሰዎች ነበሩ።

ከእራት በኋላ ወሬው ስለ ቴሌቪዥን ሆነ። ሞሪሴት ጥያቄውን ሰነዘረ፦ ቴሌቪዥን ሕፃናትን ሊያስተምር ይችል ይሆን? ጆአን እንደማታውቅ ነገረችው። ስለ ጉዳዩ መነጋገር ግን እንደምትፈልግ አከለችበት።

ከቀናት በኋላ ካርኔጊ ቢሮ ተገናኙ። ጉዳዩ ይጠና ተባለ። ጥናቱን ማን ይሥራ የሚለው ሲነሣ የጣቢያዋ አለቃ ሉዊስ ፍሪድማን ጆአን የሕፃናት ነገር እንደማይስባት፣ የእሷ ሙያ የሕዝብ ጉዳይ እንደሆነ ተናገረ። በዚያ ቅጽበት የራሷ ድምፅ «እንዴታ፣ እፈልጋለሁ» ሲል ሰማችው፤ ታሪኩን ስታወጋ እንዲያ ነው የምትለው። አፏ ልቧን ቀደመው።

ያን ክረምት ሻንጣዋን ሸክፋ አሜሪካንና ካናዳን ዞረች። የሥነ ልቦና ሊቃውንትን፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን፣ የቴሌቪዥን ሰዎችን አነጋገረች። ከሊቃውንቱ ብዙ ሰማች። የሚደንቀውን ነገር የነገሯት ግን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ በሄደችበት ሁሉ የሚዘፍኑት የቢራ ማስታወቂያ ነበር። አፋቸውን በቅጡ ያልፈቱ ሁሉ ሳይቀሩ ቢራ ያወድሳሉ።

ጆአን ይህን ስትሰማ እንደ ብዙዎቹ ምሁራን አልተቆጣችም። የመጀመሪያው ፍንጭ ይህ መሆኑን ተረዳች። ማስታወቂያ አጭር ነው፤ ዜማ አለው፤ ይደጋገማል። የዚያን ዘመን የትምህርት ቴሌቪዥን ደግሞ አንድ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ግማሽ ሰዓት የሚያወራበት ነበር። እና ፊደልን እንደ ቢራ ብንሸጠውስ?

ሐሳቡ በወረቀት ላይ አማረ። ከወረቀት ወደ ስክሪን ለመውሰድ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስፈልግ ነበር፤ ለዚያን ዘመን የሕፃናት ፕሮግራም የማይታመን ገንዘብ። ሞሪሴት በር አንኳኳ፤ ካርኔጊ ሰጠ፣ ፎርድ ፋውንዴሽን ሰጠ፣ ግማሽ ያህሉን የአሜሪካ መንግሥት ሸፈነ። ገንዘቡ ሲገኝ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ይህን ያህል ሀብት ሴት ትምራው? የሚሉ ተነሡ። ወንድ አለቃ ይፈለግና እሷ ምክትል ትሁን ተባለ። ጆአን ምክትል ከሆነች ጭራሽ እንደማትሠራ አስታወቀች። በማርች 1968 የሕፃናት ቴሌቪዥን ወርክሾፕ መቋቋሙ ለጋዜጠኞች ሲነገር ዳይሬክተሯ እሷ ነበረች።

ጆአን ልምድ ያላቸውን አዘጋጆች ሰበሰበች፤ ዴቪድ ኮኔል፣ ሳም ጊበን፣ ጆን ስቶን። ሦስቱም «ካፒቴን ካንጋሩ» ከሚባለው የታወቀ የልጆች ፕሮግራም የመጡ ናቸው። ከሐርቫርድ ደግሞ ጄራልድ ሌሰር የሚባል ምሁር አመጣች። በ1968 ክረምት ምሁራኑንና የቴሌቪዥን ሰዎቹን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ እንዲከራከሩ ያደረገው እሱ ነው። ከስብሰባዎቹ በአንዱ ጺማም፣ ጸጉሩን ያሳደገ፣ ቆዳ ልብስ የለበሰ ሰው ከኋላ ቀጥ ብሎ፣ ሳይናገር ተቀመጠ። ዘመኑ የተማሪ ዐመፅና የቦምብ ዘመን ነበርና ጆአን ፈራች። ይህ ሰውዬ ሊገድለን የመጣ አክራሪ ቢሆንስ? ስትል ጎኗ ያለውን ጠየቀች። ሰውዬው ጂም ሄንሰን የሚባል አሻንጉሊት ሠሪ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነበራት፤ ሐሳብ፣ ገንዘብ፣ አዘጋጅ፣ ምሁር፣ አሻንጉሊት። የጎደላት አንድ ነገር ነበር። የሠሩት ነገር እንደሚሠራ በምን ያውቃሉ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ይነግሩ ነበር። ተረት ነጋሪ የልጁን ዐይን እያየ ይናገራል፤ ዐይኑ ሲሸሽ ድምፁን ይለውጣል፣ ጅቡን ያስጮኻል። የአሜሪካኑ ፕሮግራም ግን ተቀርጾ፣ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ የሚላክ ነው። ልጁ ሲሰለች አዘጋጁ ቢሮው ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል።

የጎደለውን ዐይን ያመጣላቸው ኤድዋርድ ፓልመር የተባለ ተመራማሪ ነው። የመጣው ከኦሪገን ሲሆን ትንንሽ ልጆች ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚያዩ ከሚያጠኑት እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። መሣሪያው ሲያዩት ያስቃል። ልጁን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጡታል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ሌላ ትንሽ ስክሪን ያቆማሉ። በዚያ ላይ በየሰባት ሰከንድ ተኩሉ አዲስ የስላይድ ፎቶ ይመጣል፤ እንስሳ፣ አበባ፣ መልክዓ ምድር፣ የልጅ ቀልብ የሚሰርቅ ማንኛውም ነገር። ፓልመር ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከጎን ይቀመጣል። ፎቶው በተለወጠ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይመዘግባል፦ የልጁ ዐይን የት ነው? ቴሌቪዥኑ ላይ ነው ወይስ ፎቶው ላይ? ፕሮግራሙ ሲያልቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጣና የሚወርድ መስመር ይሣላል። መስመሩ የወረደበት ቦታ ላይ የጸሐፊው ኩራት፣ የዳይሬክተሩ ድካም፣ የፕሮፌሰሩ ማዕረግ ዋጋ የለውም።

አዘጋጆቹ መጀመሪያ ተጠራጠሩ። ፈጠራ በእርሳስ ይለካል እንዴ? ነገሩ የገባቸው መስመሩ ከእነሱ ግምት ተቃራኒ ሲሄድ ደጋግመው ካዩ በኋላ ነው። አንዱ ምሳሌ ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው፤ በኋላ በ«አንበሳው ንጉሥ» ፊልም የሙፋሳን ድምፅ የሰጠው ተዋናይ። ካሜራ ፊት ቆሞ የእንግሊዝኛን ፊደል ከኤ እስከ ዜድ እንዲቆጥር አደረጉት። ረጋ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ በጣም ረጋ ብሎ። ፊደሉ ከራሱ አጠገብ ብቅ ይላል፤ እሱ ዝም ብሎ ያፈጣል፤ ከዚያ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ ስሙን ይጠራዋል፤ ፊደሉ ይጠፋል፤ እንደገና ዝምታ። ልጅ አይሰለችም ትላላችሁ?

ልጆቹ ንቅንቅ አላሉም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ጆንስ የጠራውን ተከትለው ደገሙ። ሲደጋገምላቸው ፊደሉ ብቅ ሲል አብረውት ጠሩ። ቆይተው ደግሞ ጆንስን ቀደሙት፤ እሱ አፉን ሳይከፍት ስክሪኑ ላይ ይጮኹበት ጀመር። ዝምታው የልጁ ተራ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ክስተቱን በተዋናዩ ስም ጠሩት፤ አዘጋጆቹም ከዚያ ወዲህ መደጋገምን አልፈሩም።

ጁላይ 1969 ደረሰ። ጨረቃ ላይ ሰው የወጣበት ወር ነው። የጆአን ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት የሚሆኑ አምስት የሙከራ ክፍሎች ሠሩ፤ ለሥርጭት ሳይሆን ለፈተና። የፕሮግራሙ ማዕከል አንድ የከተማ መንገድ ነበር። ጆን ስቶን ይህን ሐሳብ ያገኘው በሃርለም የተቀረጸ የማኅበራዊ ዘመቻ ማስታወቂያ ሲያይ ነው። ሌሎች የልጆች ፕሮግራሞች በግምብ ቤተ መንግሥትና በአስማት ጫካ ሲኖሩ ይህ ቡናማ የድንጋይ ቤት፣ ደረጃ፣ ሱቅና የቆሻሻ በርሜል ያለበት ሰፈር ሆነ። ጥቁርና ነጭ ጎረቤታሞች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ። ስሙም ሰሰሚ ስትሪት ተባለ።

ክፍሎቹ በፊላደልፊያ ለሚኖሩ ሕፃናት ታዩ። ጆአንና አዘጋጆቹ ውጤቱን ጠበቁ።

ውጤቱ አስደነገጣቸው።

በመጀመሪያ የወደቀው «ከፊደል የመጣው ሰው» የሚሉት የመርማሪ ፖሊስ ቀልድ ነበር። አዋቂዎቹን ያስቃቸዋል፤ ልጆቹ ግን ምኑም አልገባቸውም። ያንን ቆርጦ መጣል ይቻላል። ሁለተኛው ግን የማይጣል ነበር። ካርቱን ሲመጣ መስመሩ ይወጣል። የሄንሰን አሻንጉሊቶች፣ እነ ኧርኒና በርት ሲመጡ ይወጣል። ከዚያ ወደ መንገዱ ይመለሳሉ፤ ሰዎቹ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ልጆቹ ዞር ይላሉ፣ ይነሣሉ፣ ይታገላሉ። ፕሮግራሙ ስሙን የወሰደበት፣ ሁሉን ነገር አንድ ላይ የሚያስረው መንገድ ሞቷል። ሥርጭቱ ሊጀመር የቀረው አራት ወር አይሞላም።

ጥፋቱ ከየት መጣ? አዘጋጆቹ መለስ ብለው ሲያስቡት ከራሳቸው ታዛዥነት የመጣ ነበር። የሥነ ልቦና አማካሪዎቹ እውነተኛ ሰውና አሻንጉሊት አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኙ አጥብቀው መክረው ነበር፤ ሕፃን እውኑና ምናባዊው ይምታታበታል በሚል። ስለዚህ አሻንጉሊቶቹ በራሳቸው ዓለም ታጥረው፣ መንገዱ ለሰው ብቻ ተትቶ ነበር። ምክሩ የተከበሩ ሰዎች ምክር ነው፤ ከመጽሐፍ የወጣ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ የእርሳስ መስመር አለ።

ጆአንና ሰዎቿ መስመሩን መረጡ።

በእኔ አስተያየት የጆአን የረጅም ዘመን ሙያ ሁሉ የሚታየው በዚህች ውሳኔ ላይ ነው። አሻንጉሊት መሥራት አትችልም፤ ዘፈን አትጽፍም፤ ካሜራ አትይዝም። ሊቃውንቱን በክብር የጋበዘችው እሷ ራሷ ናት፤ ልጆቹ ሲቃወሟቸው ግን ከልጆቹ ጋር ቆመች።

ሄንሰን ወደ ሥራ ቦታው ተመለሰ። መንገዱ ላይ ከሰው ጋር የሚኖሩ ፍጥረታት ያስፈልጉ ነበር፤ በመጋረጃ ጀርባ የሚደበቁ ሳይሆኑ የሚራመዱ፣ በር የሚያንኳኩ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ተኩል ሜትር የሚሆን ቢጫ ወፍ ተወለደ፤ ቢግ በርድ። ከውስጡ ካሮል ስፒኒ የሚባል ሰው ገብቶ ቀኝ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ የወፉን ራስና መንቁር ያንቀሳቅሳል። ቀኑን ሙሉ እጅን ወደ ሰማይ ዘርግቶ መዋል ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ያ የቆሻሻ በርሜልም ባለቤት አገኘ፤ ሁሉን የሚነጫነጭበት ኦስካር። በመጀመሪያው ዓመት ቀለሙ ብርቱካናማ ነበር፤ አረንጓዴ የሆነው በሁለተኛው ነው።

ወፉን በተመለከተ ሌላም ዕድል ገጠማቸው። መጀመሪያ እንደ ገጠሬ ሞኝ ሆኖ ነበር የተጻፈው። ስፒኒ ግን ከውስጥ ሆኖ ሲጫወተው ሌላ ነገር ታየው። ይህ ወፍ ሞኝ ሳይሆን ልጅ ቢሆንስ? ገና የማያውቅ፣ የሚሳሳት፣ የሚጠይቅ። ሐሳቡ ተወደደለት፤ ረጅሙ ወፍ የሰፈሩ ሕፃን ሆነ።

ኖቬምበር 10 ቀን 1969 ሥርጭቱ ተጀመረ። ጎርደን የሚባል ጥቁር መምህር ሳሊ የምትባል አዲስ የመጣች ልጅ እጅ ይዞ ሰፈሩን አስጎበኛት። ፕሮግራሙ ሲያልቅም ስፖንሰሮቹ ተጠሩ፤ ደብልዩ፣ ኤስና ኢ የሚባሉ ፊደሎች፣ ሁለትና ሦስት የሚባሉ ቁጥሮች። የቢራው ዘዴ ለፊደል ዋለ።

በዓመቱ ቢግ በርድ የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ከዚያ አስቀድሞ ግን፣ በሜይ 1970፣ የሚሲሲፒ ግዛት የትምህርት ቴሌቪዥን ኮሚሽን ጥቁርና ነጭ አብረው ስለሚታዩበት ፕሮግራሙ እንዳይተላለፍ ወስኖ ነበር። ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ጉድ ሲባል በ22ኛው ቀን ውሳኔውን ሻረ። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ዞሯል። በአገራችንም ከ2006 ጀምሮ የቀጭኔ አሻንጉሊቷን ፀሐይን ያየ ልጅ የዚህን ዘዴ ዘመድ አይቷል።

ጆአን እስከ 1990 ድርጅቱን መራች። በመሃል የጡት ካንሰር ታማ ድናለች፤ ትዳሯም ፈርሷል። ፕሮግራሙ ላይ ከደረሱት ፈተናዎች ሁሉ ከባዱ ግን በዲሴምበር 1982 መጣ። ባለ ሱቁን ሚስተር ሁፐርን የሚጫወተው ዊል ሊ ሞተ። ምን ይደረግ? ሌላ ተዋናይ ይተካ? ወደ ሌላ ከተማ ሄደ ይባል? እንደገና ወደ ልጆቹና ልጆችን ወደሚያውቁ ሰዎች ሄዱ። የደረሱበት ነገር ቀላል ቢሆንም ለመናገር ይከብዳል፤ ሞተ ይባል፣ አይመለስም ይባል። ተኛ አይባል፤ ታሞ ሆስፒታል ገባም አይባል። ልጅ ሲተኛና ሲታመም ይፈራልና። ይህን ሳነብ የራሳችን ቋንቋ ትዝ አለኝ። እኛ «አረፉ» እንላለን፤ ልጁ ደግሞ ያረፈ ሰው ደክሞት ነው፣ ይነሣል ብሎ ይጠብቃል። ክፍሉ የተላለፈው በኖቬምበር 24 ቀን 1983፣ በአሜሪካ የምስጋና ቀን በዓል ዕለት ነው። ወላጆች ቤት የሚውሉበት ቀን ሆን ተብሎ ተመረጠ፤ ልጁ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው አጠገቡ እንዲኖር። ቢግ በርድ የጎረቤቶቹን ሁሉ ሥዕል ሥሎ ያድላል፤ የሚስተር ሁፐርን ሥዕል የሚቀበለው ሲያጣ እውነቱ ይነገረዋል።

ያ በመሳካቱ በ1992 ሌላ ከባድ ርእስ ተደፈረ። የቢግ በርድ ጓደኛ የሆነው፣ ዝሆን የሚመስለው ስናፊ ወላጆቹ ሲፋቱ የሚያሳይ ክፍል ተዘጋጀ። ምሁራን መከሩበት፤ ጽሑፉ ደጋግሞ ታረመ። ጆአን ያን ጊዜ የዳይሬክተርነቱን ወንበር ለቃ ነበር፤ ያስለመደቻቸው ልማድ ግን አልለቀቃቸውም። ከመተላለፉ በፊት ለ60 ያህል ሕፃናት አሳዩት። ልጆቹ አለቀሱ። አንዳንዶቹ አባትየው ከእንግዲህ ልጁን ጭራሽ የማያየው መሰላቸው፤ ሌሎቹ ወላጅ በተጨቃጨቀ ቁጥር ይፋታል ብለው ተረዱ። ክፍሉ ገንዘብ የወጣበት፣ ተቀርጾና ተቀናብሮ ያለቀ ሥራ ነበር። መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ ለሕፃናት በቴሌቪዥን ተላልፎም አያውቅም።